የጀመራችሁትን ጨርሱ

ሀርጌሳ ውስጥ በምኖርበት በ31 ሜይ ሰፈር፣ ከቤቴ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ የብረት በር ያለው ግቢ አለ። ከዚያ ግቢ ለወራት አንድ ዜማ ብቻ ሲወጣ እንሰማ ነበር። ዜማው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው እየበረታ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ይንገዳገድና ጸጥ ይላል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። የሰፈሩ ልጆች በፉጨት ይዘውት ነበር። እነሱም እዚያው ቦታ ሲደርሱ ያቆማሉ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። ወላጆቼ ሶማሌዎች ናቸው፤ ያደግኩትና የተማርኩት ድሬዳዋ ነው። ምርጫ፣ ድርቅ፣ የወደብ ውል ስዘግብ ኖሬያለሁ። መጨረሻው ያልታወቀ ነገር በጎረቤቴ እያለ ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት ስመለስ በሩን አንኳኳሁ።

የከፈተችልኝ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራለች፤ ከጆሮዋ በላይ በሻሹ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። በሶማልኛ ሰላም ብዬ ማንነቴንና ያደግኩበትን ተናገርኩ። ድሬዳዋ የሚለውን ስትሰማ ወደ አማርኛ ዞረች።

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትልም? ግባ። ስለ ጩኸቱ ልትከሰኝ ነው ወይስ ልትጽፍብኝ?»

«ልጠይቅሽ ነው።»

«እሱ ከሁለቱም ይብሳል» አለችና ወንበር ሳበችልኝ።

በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ በተመላለስኩባቸው ቀናት የነገረችኝ ይህ ነው። የተወለደችው አዲስ አበባ፣ ጨርቅ ከሚነግድ ሶማሌ አባት ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባችው ፒያኖ ለመማር ነበር። ፒያኖ የፈለገው ሰው ስለበዛ ቫዮሊን ሰጧት።

«ተናደድኩ» አለችኝ። «በንዴት ነው የተማርኩት። ንዴቱ ሲበርድልኝ ጎበዝ ሆኜ አገኘሁት።»

ከዚያ የትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ አውሮፓ ሄደች፤ እዚያም በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ከሁለተኛዎቹ ቫዮሊኖች ረድፍ፣ ከኋለኛው ወንበር ለረጅም ዓመታት ተቀመጠች። ሥራዋ ምን እንደነበር ጠየቅኳት።

«አለመሰማት» አለች። «ከጎኔ ካሉት ጋር አንድ ድምፅ ሆኜ መጥፋት። ብቻዬን ከተሰማሁ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። እንጀራዬ ነበር፤ አላማረርኩም። በኋላ ግን ሰው የሚሰማበትን ነገር ማስተማር አማረኝ።»

ያስተማረችው ቻምበር ሙዚቃ የሚባለውን ነው። ሦስት አራት ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ ይጫወታል። በትር ይዞ ፊት ለፊት የሚቆም መሪ የለም። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይጀምራል፤ ዜማው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይህንን በውጭ አገር ለብዙ ልጆች አስተማረች። ሀርጌሳ ውስጥ ትኖር የነበረችው እናቷ ስትታመም ልታስታምም መጣች፤ እናቷ ካረፈች በኋላም እዚሁ ቀረች። ቤት ፍለጋው አድክሟት ነበር። አከራዮች ሙዚቃ የሚለውን ቃል ሲሰሙ «እንደውላለን» ይሏታል። የሰማያዊው በር ቤት ባለቤት ግን ውጭ አገር ያለ ሰው ነው፤ የጠየቃት የግቢውን ዛፍ ታጠጣ እንደሆነ ብቻ ነበር። ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል አለው፤ ጣሪያው በእንጨት የተለበጠ፣ ድምፅ የሚያሳምር። «እንዲህ ያለ ክፍል አውሮፓም ለምኜ ነው የማገኘው» አለች።

ተማሪዎቿ አራት ነበሩ። አንደኛውንና ሁለተኛውን ቫዮሊን የሚጫወቱት እህትማማቾች ናቸው፤ ታላቂቱ ነርስ፣ ታናሺቱ በሐዋላ ቢሮ ጸሐፊ። ጅግጅጋ ተምረው ያደጉ ስለሆኑ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ቼሎ የተባለውን፣ ጉልበት መሀል ይዘው የሚጫወቱትን ትልቁን መሣሪያ፣ የያዙት ድሬዳዋ ሳሉ በሰርግ ቤት ኡድ የሚባለውን የዐረብ ክራር ሲመቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እህትማማቾቹ «አዴር» ይሏቸዋል፤ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፣ እኛም እንደዚያው ጠራናቸው። አራተኛው ከወሎ የመጣ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው። ከቫዮሊን በመጠን ተለቅ የምትለውን ቪዮላ ይጫወታል። ሶማልኛው ከመንገድና ከነዳጅ ማደያ አያልፍም፤ በእሱ ምክንያት የቤቱ ቋንቋ አማርኛ ሆነ።

ሹፌሩ እንዴት እንደገባ እሱም እሷም ነግረውኛል፣ ታሪካቸው ገጥሟል። ያኔ ከበርበራ ወደብ ጭነት ያመላልስ ነበር። ቼሎውን ከወደብ ያመጣው እሱ ነው። ፍተሻ ላይ ሣጥኑ ተከፈተ። የተፈተሸውን ዕቃ ሲያይ፣ ደጋኑንም ሲያይ ሳቁ መጣ። አባቱ ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር፣ እሱም ይሞክራል። ሣጥኑን እዚህ ግቢ ሲያወርድ እንዲህ አላት፦

«እትዬ፣ ይህ እኮ ማሲንቆ ነው። ብቻ ብዙ በልቷል።»

«ደጋን ትይዛለህ?»

«ከመሪ በፊት ነው የያዝኩት።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ና» አለችው። መጣ፤ ቀረ።

የሚያጠኑት ድሮ የሞተ አንድ የአውሮፓ ሰው ለአራት መሣሪያ የጻፈውን ሥራ ነው፣ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ። ሁሉም ድርሻውን ብቻውን ሲጫወት ደህና ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሰፈሩ በሙሉ በሚያውቀው ቦታ ላይ ይቆማሉ። ምክንያቱን ያየሁት እዚያ ተቀምጬ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ዜማው በቼሎው በአዴር እጅ ነው። ኖታው እንደሚያዘው ታናሺቱ የምትገባው እሳቸው ሳይጨርሱ፣ በአፋቸው ላይ ነው። እሷ ግን አትገባም። ደጋኗን አንስታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። ሽማግሌ አይቋረጥም ተብላ ነው ያደገችው። አዴር ደግሞ ልጅቷ እየጠበቀች መሆኑን ያያሉ፤ እንድትገባ ብለው ዝግ ይላሉ። እሷ እሳቸው ዝግ ሲሉ አላበቁም ብላ ይበልጥ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ሁሉም ይቆማሉ።

«ይህ እኮ የእኛ አገር በር ነው!» አለ ሹፌሩ ደጋኑን ጭኑ ላይ ጥሎ። «አንዱ ‹ይግቡ› ይላል፣ ሌላው ‹ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ› ይላል፣ ሁለቱም ደጅ ላይ ዝናብ ይመታቸዋል።»

መምህሯ ያልሞከረችው የለም። ምት የሚቆጥር መሣሪያ መሀላቸው አስቀመጠች። አዴርን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠች፤ ታናሺቱ ጀርባቸውንም አከበረች። ዓይንሽን ጨፍኚ ስትላት ጨፈነች፤ እንደገና ቆሙ።

«ምን ሆንሽ አሁን?»

«ብጨፍንም እኮ አዴር አሉ» አለች።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች የመጡት በዚህ መሀል ነው። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስት ሆነው ገቡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ዋናቸው ጺማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ረጅም ዱላ የያዙ ሰው ናቸው፤ በሰፈሩ ስንት ጠብ ያስታረቁ። ተቀመጡ፣ ሰላምታው አለቀ፣ የጤና ጥያቄው አለቀ። ከዚያ በሶማልኛ ተናገሩ።

«እህቴ፣ ይህ ነገር ያስፈልጋል አያስፈልግም ልንል አልመጣንም። ሰርግ ቢሆን ኖሮ ያልቅ ነበር። ዘፈን ቢሆን ያልቅ ነበር። ይኸኛው ግን ከረመዳን በፊት ጀመራችሁት፤ ረመዳን ገባ፣ ወጣ፤ ዒድ አለፈ፤ እናንተ አሁንም እዚያው ናችሁ። ባለቤቴ ሩዝ እየቀቀለች ‹አሁን ይቆማል› ትላለች። ይቆማል። ሩዙም ያርራል።»

«ሰው የጀመረውን ይጨርሳል» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ።

«ይኸው ነው ጉዳዩ። እስቲ ንገሪን፣ ሙዚቃ እየተጫወታችሁ ነው ወይስ ልትጫወቱ እየተዘጋጃችሁ?»

«እየተዘጋጀን ነው» አለች መምህሯ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሐቁን በመናገሯ ደስ ያላቸው መሰሉ። ፍርዳቸው ይህ ነበር፦ የሚመጣው ሐሙስ ከዐስር በኋላ ይመጣሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታሰማቸዋለች። ካለቀ፣ ማንም ከእንግዲህ አይናገራትም። ካላለቀ ከከተማው ወጣ ያለ ቤት ትፈልግ።

«ከተማው ዳር፣ አያሃ በኩል ሜዳው ሰፊ ነው» አሉ ሁለተኛው። «ነፋሱም ሥራ የለውም፣ ያዳምጣችኋል።»

ሲወጡ በሩን ዘግታ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። እርሳሱን ከሻሿ አውጥታ ቁጭ አለች።

«አያሃ ከሄድኩ ነርሷ ከሆስፒታል ተነስታ አትደርስም» አለችኝ። «አዴር ጉልበታቸው አይችልም። ያልቃል። እኔም ሌላ በር ማንኳኳት አልችልም፤ ቫዮሊኔን ይዤ ወደነበርኩበት ነው። እዚያ ደግሞ መምህር ሞልቷል።»

ይህን ስትል ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። እኔም የስልኬን መቅጃ አጠፋሁ።

መቅጃው ጠቃሚ ሆኖ የተገኘው በማግስቱ ነው። ያን ቀን እሷን ልጠይቅ በልምምድ መሀል ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ነበር። ዕረፍት ሆነ፣ ሻይ በወተት መጣ፣ አራቱ ከበቡት፤ እኔም ስልኩን ማጥፋት ረሳሁ። ወሬው ከገበያ ወደ ሰፈራችን በየት መምጣት እንደሚሻል ነበር። ማታ እቤቴ ቁጭ ብዬ ቃሏን ልገለብጥ ብሞክር አልሆነም። ብዙ ሰው በጋዜጣዊ ጉባኤ ላይ ሲጯጯህ ገልብጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ይዤ ሄድኩ።

«ተማሪዎችሽን ያዢልኝ» አልኳት። «ካንቺ ቃል ላይ ወጥተው አንዲት ዓረፍተ ነገር አልለይ አልኩ። አራቱም አንድ ላይ ነው የሚያወሩት።»

«አሰማኝ።»

ከፈትኩላት። አዴር «በድልድዩ ከሄድሽ እኮ ልጄ…» ብለው ይጀምራሉ። «ልጄ» የምትለዋ ሳታልቅ ታናሺቱ «ድልድዩማ ከዐስር በኋላ አይታለፍም፣ አዴር!» ብላ ትገባለች። በእሷ ላይ ሹፌሩ «አይታለፍም ያለሽ ማነው፣ እኔ ቦቴ ይዤ አልፋለሁ!» ይላል። በሱ ላይ ነርሷ ትስቃለች። አዴር ግን አይቆሙም። ከሁሉም ሥር፣ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ ወሬያቸውን እስከ ዳር ያደርሱታል። የሚገርመው፣ አንዱንም የሌላው ነገር አላመለጠውም፤ ሁሉም ለሁሉም መልስ ይሰጣል።

መምህሯ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ሰማች። «መልሰው» አለች። መለስኩት። «እንደገና።»

ከሰዓት አራቱ ሲሰበሰቡ መሣሪያ አላስነሳቻቸውም። ስልኬን መሀላቸው አስቀመጠችና ከፈተችው።

«ይህቺ ሽማግሌ የምታቋርጠው ባለጌ ማን ናት?» አለች።

ታናሺቱ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «እኔ ነኝ… አዴር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወላሂ አልታወቀኝም!»

«የምን ይቅርታ ነው?» አሉ አዴር። «ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። አንድ ቀን ሳታቋርጪኝ ብትቀሪ ያመመሽ ነው የሚመስለኝ።»

«እርስዎስ ለምን አይቆሙላትም?» አለች መምህሯ።

«ለምን እቆማለሁ? ትክክል እኮ እኔ ነኝ። በድልድዩ ነው የሚሻለው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። መምህሯ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ኩሽና ሄዳ ሻዩን ራሷ አመጣችና ከየወንበራቸው እግር ሥር አንዳንድ ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ሌላ የማስተምራችሁ የለኝም» አለች። «ሻይ ሲመጣ የምትሆኑትን ሁኑ።»

ያን ቀን ያችን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፏት። በሚቀጥለው ሙከራ ግን ወደቁ። ረቡዕ አንዴ አለፉ፣ አንዴ ቆሙ። ሐሙስ የትኛው እንደሚሆን ማንም አያውቅም ነበር።

ሐሙስ ሦስት ሽማግሌዎች ይመጣሉ ሲባል ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ወንበር ከየቤቱ ተሰበሰበ። ሴቶቹ በግድግዳው ጥግ ምንጣፍ አነጠፉ፤ ልጆች አጥሩ ላይ ተሰቀሉ። የክፍሉ መስኮቶች ተከፈቱ። የሽማግሌው ባለቤትም መጥተዋል፤ ሩዙን ለማን እንደተዉት አልጠየቅኩም። አዴር የዕድሜ እኩዮቻቸውን ፊት ለፊት ሲያዩ ወገባቸው ቀጥ አለ። ንጹህ ሸሚዝ ለብሰዋል። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ከወገባቸው ሰበር እያሉ ሰላምታ ሰጡ። ሹፌሩ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «አለቀልን» አለኝ። «ጨዋ ሆነዋል።»

መምህሯ ከአድማጮቹ ኋላ፣ በመጨረሻው ወንበር ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። መሪ የለምና ምንም ልታደርግ አትችልም።

ነርሷ ተነፈሰች፣ ጀመሩ። ዳገቱ ተጀመረ። ልጆቹ አጥሩ ላይ ሆነው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው በለሆሳስ ያፏጫሉ። የሽማግሌው ባለቤት ጣታቸውን አንስተዋል፤ «አሁን» ሊሉ ነው። ዜማው ወደ አዴር ሄደ። ታናሺቱ ደጋኗን አነሳች፣ አንገቷን ሰበር አደረገች። አዴር አዩዋትና ክንዳቸው ከበደ፣ ዝግ አሉ።

ሹፌሩ ዓይኑን ከኖታው ሳያነሳ፣ ጮክ ብሎ በአማርኛ፦

«ሻይ መጣ!»

ካሉት አንዳንዶቹ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። ታናሺቱ ግን በአዴር አፍ ላይ ገባች፣ በሙሉ ክንዷ። አዴርም እንደ ልማዳቸው አልቆሙላትም። ሁለቱ እየተገፋፉ ጫፉን አለፉት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰፈራችን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ፉጨቱ ጠፋ። ዜማው ከዳገቱ ማዶ ወደ ታች ይሮጥ ጀመር፤ ቪዮላው ሲያሳድደው፣ ቼሎው ከሥር ሲያጉረመርም። ነርሷ አንድ ቦታ ላይ ሳተች፤ አልቆሙም። ሮጠው፣ ሮጠው፣ አራቱም ደጋን በአንድ ጊዜ ወረደና ተነሳ።

ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ወደ መምህሯ ዞሩ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ አለቀ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ባለቤታቸው ያነሱትን ጣት እስካሁን አላወረዱም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወዲያው አልፈረዱም፤ ችሎት ላይ የተቀመጡ ይመስል በነገሩ ተከራከሩ። ሁለተኛው «ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ ትክክል ነበረች፣ ሽማግሌው ገፏት» አሉ። ሦስተኛው «እሷ ነች የገፋችው፣ እሱ መንገዱን አልለቀቀም እንጂ» አሉ። ዋናው ጺማቸውን እየዳበሱ አዳመጡ።

«እኛ ጉባኤ ላይ ተራ በተራ እንናገራለን፣ ማንም ማንንም አይሰማም» አሉ። «እነዚህ አንድ ላይ ይጮሃሉ፣ ይደማመጣሉ። ይህ እንዴት ነው?»

«ጉዳያቸው ግመል ስላልሆነ ነው» አሉ ሁለተኛው።

ከዚያ ፍርዱ ተሰጠ። ቤቱ የእሷ ነው፤ ከእንግዲህ ስለ ድምፅ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይምጣ። አንድ ነገር ግን ጨመሩ።

«ሌላ መጀመራችሁ አይቀርም?»

«አይቀርም» አለች መምህሯ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሽማግሌው ዱላቸውን አነሱ። «እንግዲያው ሌላ ስትጀምሩ መጀመሪያ መጨረሻውን አሰሙን። ማለቂያ እንዳለው ካወቅን እንታገሣለን።»

መምህሯ ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። «ይሁን» አለች። የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ሰው ሁሉ ተነሳ። እውነተኛው ሻይ የመጣው ከሶላት በኋላ ነው፤ አዴርና ታናሺቱ ድልድዩን ካቆሙበት ቀጠሉ። መምህሯ አጠገቤ ቆማ ከኋላ ወደ ፊት ማጥናት በሙያዋ የታወቀ ዘዴ እንደሆነ ነገረችኝ፤ እንዲያውም የተሻለ ነው፣ ሰው ወደሚያውቀው እየሄደ ይበረታል። «ሽማግሌው ሳያውቁ ፈረዱብኝ» አለች።

አሁን ሁለተኛውን ሥራ ይዘዋል። ቃል በገቡት መሠረት ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ እየመጡ ነው። ማታ ማታ የሰማያዊውን በር ግቢ ሳልፍ መጨረሻው ሲያልቅ እሰማለሁ፤ ልጆቹም ያንኑ ያፏጫሉ፣ ደግሞ ይጨርሳሉ።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ እኒያ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ጋዜጠኛ» አሉ። «መጨረሻውን አውቀነዋል፤ ባለቤቴም ሩዝ ስትቀቅል ታንጎራጉረዋለች። ግን ምን ተፈጥሮ ነው ነገሩ እንዲህ የሚያልቀው? መጀመሪያውን የምንሰማው መቼ ነው?»

«አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።